የራይንሆልድ አንድ በርሜል

በመንደራችን በኦበርሌስ ራይንሆልድ ሽታይንድልን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። «ልጁ» ነው የምንለው። ፀጉሩ ሸብቶ፣ ደረጃ ሲወጣ የግራ ዳሌው ጥርሱን እያስነከሰው እንኳ «ልጁ ትራክተሩን መንገድ ላይ አቁሞታል»፣ «ልጁን ጠይቂው» ይባላል። ስድሳ አንድ ዓመት የሞላው ለት ጎረቤቱ ፈርድል ብርጭቆውን አንሥቶ፣ ልጁ ለአቅመ አዳም ሳይደርስ ጡረታ ሊወጣ ነው ብሎ ግቢውን በሳቅ አናወጠው። ራይንሆልድም አብሮ ሳቀ። በራሱ ላይ ሲሳቅ አብሮ ይስቃል፤ ይህ ጠባዩ ዕድሜ ልኬን ሲያበግነኝ ኖሯል።

እኔ ትራውድል ነኝ። ከሱ ጋር አንድ ክፍል ተምሬያለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ደግሞ የሽታይንድሎች በር ላይ የጥድ ቅርንጫፍ በተሰቀለ ቁጥር ግቢያቸው ውስጥ ሰው የማስተናግደው እኔ ነኝ። ቅርንጫፉ ከተሰቀለ የቤቱ ወይን ጠጅ ይሸጣል፤ ከወረደ በሩ ዝግ ነው። የተጨሰ የአሳማ ሥጋ እቆርጣለሁ፣ ዳቦ ላይ ጮማ እቀባለሁ፣ ብርጭቆ አመላልሳለሁ፣ በመካከሉም ወሬው ሁሉ ጆሮዬ ይገባል። ስለዚህ የዚህን ቤት ነገር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ራይንሆልድ ራሱም ቢሆን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

በእኛ አገር ደንቡ የታወቀ ነው። ልጅ ሲያገባ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ አባት ጡረታ ሲደርስ፣ ቤቱም ማሳውም የወይን ጓዳውም በልጁ ስም ይዛወራል። ሽማግሌዎቹ ከግቢው ኋላ ወዳለችው ትንሽ ቤት ይገባሉ፤ ምሳቸው ይሄድላቸዋል፣ ዓይናቸው እያየ ሌላ ሰው ያዝዛል። ለአባት መራራ ነው፤ ግን ሁሉም ይውጠዋል። ኢግናዝ ሽታይንድል፣ የራይንሆልድ አባት፣ አልዋጡትም። መጀመሪያ «እስኪያገባ» አሉ። አገባ። «እስኪወልድ» አሉ። ወለደ። ከዚያ በረዶ ማሳውን መታ፣ ከዚያ ሚስታቸው ሞቱ፣ ከዚያ «ይህን መከር ብቻ» ማለት ጀመሩ፤ መከር ደግሞ በየዓመቱ አለ። ኮረብታው ሥር የተፈለፈለው የወይን ጓዳ ቁልፍ ከሽማግሌው ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ራይንሆልድ በገዛ ቤቱ ቅጥረኛ ሆኖ አረጀ።

እንዲህ ስላልኩ ሽማግሌውን ክፉ ሰው እንዳታደርጉብኝ። ኢግናዝ ትንሽ ሳሉ አባታቸው ወይን የሚያፈሉት በእንጨት በርሜል ነበር። እርሾ የሚባል ነገር አይጨምሩም፤ ከማሳው በወይኑ ልጣጭ ላይ የሚመጣው ይበቃል ይሉ ነበር። አንዳንድ ዓመት ወይኑ ለጉድ ይጥማል፣ አንዳንድ ዓመት ይሆመጥጣል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ሆመጠጠ። አባትየው በርሜሎቹን እያንከባለሉ አውጥተው መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ደፉት፤ ኢግናዝ ቆመው አዩ። በዚያ ዓመት የበሉት ድንች ብቻ ነው። መንደሩም «የሽታይንድል ሰላጣ ማጣፈጫ» እያለ ለብዙ ዘመን ቀለደባቸው። ስለዚህ ኢግናዝ ገና በወጣትነታቸው ቤቱን ሲረከቡ፣ አዎ፣ እሳቸው በወጣትነታቸው ነው የተረከቡት፣ መጀመሪያ ያደረጉት በርሜሎቹን ፈልጠው ማገዶ ማድረግ ነበር። በመንደሩ የመጀመሪያውን የብረት ጋን ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ሰው ከሌላ መንደር እየመጣ ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘዴያቸው አልተለወጠም። ወይኑ ብዙ ሳይበስል ይለቀማል፣ ወዲያው ይጨመቃል፣ ከከተማ የተገዛ እርሾ በሞቀ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመርበታል፣ በብረት ጋን ይቀዘቅዛል፣ ይጠልላል፣ ከፋሲካ በፊት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ጥርት ያለ ነው፣ አረንጓዴ ፖም አረንጓዴ ፖም ይላል፣ አምናም ካቻምናም ያው ነው። አልዋሽም፣ ጥሩ ወይን ነው። ሰው እየጠጣው ስለ ሌላ ነገር ሊያወራ የሚችልበት ወይን ነው።

ራይንሆልድ ከወይን ትምህርት ቤት ሲመለስ ጎረምሳ ነበር። እዚያ አንድ አስተማሪ ከእንጨት በርሜል ቀድቶ አቅምሶት ነበር፤ ማንም ምንም ያልጨመረበት፣ ከማሳው ጋር የመጣው እርሾ ብቻ በገዛ ጊዜው ያፈላው ወይን። ምን ምን ይል እንደነበር ሊነግረኝ ብዙ ጊዜ ሞክሮ ቃል አጥቷል። «ቦታ ቦታ ይላል» ብቻ ነው የሚለው። ለአባቱም እራት ላይ አነሣባቸው፤ አንድ በርሜል ብቻ፣ ከቁራ ጥግ። የቁራ ጥግ የምንለው ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው የሽታይንድሎች አሮጌ ማሳ ነው፤ ፌልትሊነር የሚባለው የወይን ዘር የተተከለበት። ኢግናዝ ሹካቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። በየመከሩ ይጠይቃል፣ በየመከሩ ይዘጋበታል። በኋላ መጠየቁን ተወ፤ መመኘቱን ግን አልተወም።

ይህ ሁሉ ሲሆን በዙሪያው ያሉት የፈለጉትን ያደርጉ ነበር። ፈርድል ከቤተ ክርስቲያኑ የሚበልጥ አዳራሽ ሠርቶ በጋን ሞላው፤ ወይኑ ቪየና ድረስ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ከታች ያሉት ወንድማማቾች የሸክላ እንስራ አስመጥተው ወይናቸውን ከነልጣጩ መሬት ውስጥ ይቀብራሉ። ሌላው ጎረቤት ደግሞ የላም ቀንድ በእበት ሞልቶ ማሳው ውስጥ እየቀበረ ጨረቃ ይቆጥራል፤ ስቀንበት ስናበቃ ወይኑን ስንቀምስ ዝም አልን። ሁሉም አባቶቻቸው ስለፈረሙላቸው ነው። እኛ መንደር ለማበድ እንኳ መጀመሪያ አባት መፈረም አለበት።

ሚስቱ ማርጊት ከዳኑብ ወንዝ ዳር የመጣች ጨዋ ሴት ነበረች። በአማቷ ወጥ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆና፣ ማሰሮ ለማንሣት እያስፈቀደች ብዙ ዓመት ኖረች። በመጨረሻ ወይ ቁልፉን ተቀበል ወይ እኔን አሰናብተኝ አለችው። ከመከሩ በኋላ አላት። ከመከሩ በኋላ ደግሞ ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ እስኪገባ አላት። ልጃቸውን ዩዲትን ይዛ ሄደች። የሄደች ለት ራይንሆልድ የወይን ሐረግ እየገረዘ ነበር፤ የያዘውን መስመር ሳይጨርስ ከማሳው አልወረደም። ያን ቀን ባገኘው በጥፊ አጮለው ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሱ ዝምታ ግን ነቅዞ ውስጥ ውስጡን ጨርሶታል።

ዩዲት አሁን ግራትስ ከተማ መነጽር ቤት ትሠራለች፤ ለፋሲካ ስትመጣ ቢራ ነው የምትጠጣው። አባቷን ትወዳለች። ቤቱን ትረከቢያለሽ ወይ ብሎ አንድ ጊዜ ጠይቋት፣ አባዬ፣ እኔ አንተን ሳይ ነው ያደግሁት አለችው። እሱም ደግሞ አልጠየቃትም።

ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ኢግናዝን በራቸው ላይ በረዶ አዳልጧቸው ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ሳንባቸውም ታመመ፤ የሚሞቱ መሰላቸውና ፈረሙ። አልሞቱም። ዛፍ ሲያብብ በከዘራ እየተደገፉ መጥተው ትንሿ ቤት ገቡ፤ መጀመሪያ ሰሞን ምሳ አልበላም ብለው አኮረፉ፣ ሲርባቸው በሉ። ራይንሆልድ የጓዳውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተ። በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ዳሌው አልቋል፣ ከእንግዲህ ቁልቁለት ላይ መሥራት አይቻልም አለው። አርባ ዓመት የጠበቀው ነገር እጁ የገባው እጁም እግሩም ካለቁ በኋላ ነው። ወራሽ የለ፣ ጉልበት የለ። ከፈርድል ጋር ተነጋግረው በኅዳር መጀመሪያ ከሚውለው ከቅዱስ ማርቲን ቀን ጀምሮ ማሳው በሙሉ ለፈርድል እንዲከራይ ተስማሙ። በእኛ አገር ኪራይ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ ቀን ነው።

ይህን የነገረኝ ጠረጴዛ እየወለወልኩ ሳለ ነው። ፊቱ ላይ ግን ከዚህ በፊት አይቼበት የማላውቀው ደስታ ነበር።

«ከዚያ በፊት አንድ መከር አለኝ፣ ትራውድል» አለኝ። «አንድ በርሜል እሞላለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን።»

«ቢሆመጥጥብህስ?»

«ይሆምጥጣ። የኔ ሆምጣጤ ይሆናል።»

በርሜሉን ከሸለቆው ማዶ ካለች ባልቴት ገዛው፤ እስካለፈው ዓመት ወይን የከረመበት፣ ሲያሸቱት የሚጣፍጥ የግራር በርሜል ነው። ግቢው መካከል አቁሞ ውሃ ሞላበት። መጀመሪያ በየስንጥቁ እያለቀሰ አፈሰሰ፤ እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ አበጠና ጠብታው ቀስ በቀስ ቆመ። ሽማግሌው ከትንሿ ቤት መስኮት ያያሉ። አንድ ቀን ወጥተው በከዘራቸው አንኳኩት፣ ሰላጣ ልትዘራ ነው ወይ አሉትና ተመለሱ። ራይንሆልድ ሳቀ። በዚህኛው ሳቁ ግን አልበገንኩም፤ የምር ደስ ብሎት ነበር።

መንደሩ ለቅሞ ሲጨርስ የቁራ ጥግ ወይን ገና ሐረጉ ላይ ነበር። ኢግናዝ በየቀኑ ማሳው ጫፍ ድረስ እየመጡ ይበሰብሳል፣ ተርቡ ጨረሰው፣ ዝናብ መጣ ይላሉ። ራይንሆልድ ፍሬውን እየቀመሰ፣ ዘሩን እያኘከ፣ ገና ነው ይላል። በመጨረሻ ለቀምን፤ እኔም ለቅሜያለሁ። ፍሬው ቢጫ ሆኖ፣ ልጣጩ ትንሽ ነጠብጣብ አውጥቶ ነበር። ከነልጣጩ አሳደረው፣ በማግሥቱ ጨመቀው፣ በርሜሉ ውስጥ ከተተው። የቀረውን ማሳ ወይን በጥሬው ለፈርድል ሸጠው። አንድ ነገር ደግሞ ወሰነ፤ እስከ ማርቲን ጠዋት ድረስ አልቀምሰውም አለ። አባባ በየሰዓቱ እየቀመሱ፣ እያሞቁ፣ እያቀዘቀዙ ነፍሱን ያወጡታል፤ እኔ ግን ልተወው ነው አለኝ። ወይን አብቃይ ሆኖ የገዛ ወይኑን የማይቀምስ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሞኝነት ነው፤ ግን የደስታ ሞኝነት ስለነበር ተውኩት።

ወይኑ ዝም አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት ሊሞላው ሆነ፤ በርሜሉ ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። የሌሎቹ ጓዳ ሁሉ እየተንፈቀፈቀ ነው፤ መንደሩ በሙሉ እርሾ እርሾ ይሸታል። ጉሹ ወይን ግቢ ለግቢ ይጠጣል፤ ከማርቲን በፊት አዲስ ወይን ይዞ «ለጤናችን» አይባልምና «መልካም ምሳ» እየተባባልን እንስቃለን። ራይንሆልድ ብቻ ጓዳ ውስጥ ጆሮውን በርሜሉ ላይ ለጥፎ ይውላል። ኢግናዝ ደጁ ላይ ይቆማሉ።

«ሞቷል» ይላሉ።

«ይነሣል፣ አባባ።»

«አባቴም እንዲሁ ነበር የሚሉት።»

በሌላው ቀን ጠዋት ግቢውን ልጠርግ ስመጣ ራይንሆልድ ከጓዳው እየሮጠ ወጣ፤ በዚያ ዳሌው እየሮጠ። ፊቱ ርሷል። ሻማ አስያዘኝና፣ ወይን ሲፈላ ጓዳው አየር ስለሚያጥረው፣ ሻማው ሲጠፋ ለመሸሽ፣ በነዚህ ሳምንታት ያለ ሻማ አይገባምና፣ እጄን ይዞ ወደ በርሜሉ ጎተተኝ።

«ስሚ» አለኝ።

ጆሮዬን ለጠፍኩ። ውስጡ ይንተከተካል፣ ያጉረመርማል። በርሜሉ ራሱ ሞቋል። ራይንሆልድ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ማንም አልነካውም» አለ። «በራሱ ነው የተነሣው። ከቁራ ጥግ ይዞት የመጣው ነው። ትሰሚያለሽ ወይ? እኔ ብቻ ነኝ የጠበቅሁት።»

እሰማለሁ አልኩት። እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። በዚያ ሰሞን ሲያፏጭ ይውል ነበር። ፀጉሩን ተቆረጠ። ለዩዲት ስልክ ደውሎ ለማርቲን እንድትመጣ ለመናት፤ ሥራ አለብኝ አለችው፤ አልተከፋም፣ ጠርሙስ አስቀምጥልሻለሁ አላት። አንድ ነገር ብቻ ትንሽ ገርሞት ነበር። በርሜል ውስጥ በራሱ የሚፈላ ወይን እስከ ገና ድረስ ይንፏቀቃል ሲባል ሰምቷል፤ የሱ ግን ቸኩሎ፣ ማርቲን ሳይደርስ ጸጥ አለ። ዓመቱ ሞቃት ስለነበር ይሆናል አለ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ እግዜር ይመስገን አልኩ።

በማርቲን ቀን እያንዳንዱ ቤት አዲሱን ወይኑን ይዞ ወደ ደብሩ አዳራሽ ይሄዳል። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ከሁሉም ይቀምሳል። መንደሩ ስለ ቤትህ የሚያስበው ለዓመት የሚወሰነው እዚያ ነው። ጠዋት ብርጭቆ ይዤ ጓዳ ገባሁ። ኢግናዝ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው የወይን ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል፤ ጺማቸውን ተላጭተዋል። ራይንሆልድ በመስታወት መቅጃው ከበርሜሉ ስቦ ለሦስታችን ቀዳ።

ቀመስኩ። አረንጓዴ ፖም።

ትንሽ ወፈር ይላል፤ ከበርሜሉ የመጣች ሽታም አለችው። ግን ያው ነው። ይህን ወይን ስንት ዓመት ሙሉ በብርጭቆ አመላልሻለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ራይንሆልድን ላለማየት ግድግዳው ላይ ያለውን ሻጋታ አየሁ። እሱ አሸተተ፣ ቀመሰ፣ እንደገና አሸተተ። ከዚያ ብርጭቆውን በርሜሉ ላይ በቀስታ አስቀመጠው።

«አባባ፣ እዚህ ውስጥ ምን ጨመሩ?»

ኢግናዝ አላፈሩም። «እርሾ ነዋ። ሌላ ምን እጨምራለሁ?»

«መቼ?»

«አንተ የወይኑን ሂሳብ ልትቀበል ፈርድል ዘንድ የወጣህ ለት፣ ወደ ማታ ላይ። ሞቶ ነበር እኮ፣ ልጄ። ባልደርስለት ይሆመጥጥብህ ነበር።»

«ሊነሣ ይችል ነበር።»

«ሊነሣም ላይነሣም ይችላል። እኔ አባቴ ሲደፉ ቆሜ አይቻለሁ። አንተ ጆሮህን እዚያ ላይ ለጥፈህ ስትውል እያየሁ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? አባት አይደለሁም?»

ቁልፉን ከየት አመጡት ብዬ አልጠየቅሁም፤ ያን ያህል ዘመን ይዘውት ሌላ አላስቀረጹም ብሎ የሚያምን ሞኝ ነው። የያዝኩትን ብርጭቆ በራሳቸው ላይ ልከሰክሰው ነበር። ግን አየኋቸው። የሰማንያ ሰባት ዓመት ሰው፣ ዓምና የተሰበሩ፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ በሌላው በሞቀ ውሃ የተበጠበጠ እርሾ በባልዲ ይዘው፣ በዚያ አዳላጭ ደረጃ ብቻቸውን ወርደዋል። ቢንሸራተቱ ማንም አያገኛቸውም ነበር። ለልጃቸው ሲሉ ነው የወረዱት። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለ።

ራይንሆልድ ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲጮህ ጸለይኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ።

«እግርዎ እንዴት ቻለ?» አላቸው።

«ምን ይደረግ፣ ቀስ ብዬ» አሉ ኢግናዝ።

ጠርሙስ ሞላ፣ ቡሽ መታበት፣ አባቱን በክንዳቸው ደግፎ አወጣቸው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የተጠበሰ የዝይ ሥጋ ሽታ ከወጥ ቤቱ ይመጣል። ቄሱ ባረኩና «ለጤናችን» አሉ፤ ያኔ ሁሉም በአንድነት «ለጤናችን» አለ፤ የዓመቱ የመጀመሪያው ነው። ሰዉ ብርጭቆውን ይዞ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ መዞር ጀመረ። የሽታይንድል ጠርሙስ ዘንድ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፤ ልጁ በእንጨት በርሜል እብደት ጀምሯል ተብሎ ተወርቷልና። ይቀምሳሉ። ፊታቸው ይፈታል። ፈርድል አፉን አጣጥሞ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«እኔ ደግሞ ቤቱን ተረከበ ሲባል ፈርቼለት ነበር። ይኼማ ያው የኢግናዝ ነው፤ ምንም አልጎደለው።»

ሰዉ ሳቀ፣ በደግ ሳቅ። ሽማግሌው ግን በከዘራቸው ወለሉን መቱ። ተነሡ። ለመነሣት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሰዉም ጠበቃቸው።

«የኔ አይደለም» አሉ። «ልጄ ነው የሠራው። ከማሳው ጀምሮ ብቻውን። እኔ እጄን አላስገባሁበትም። ከኔ የተሻለ አድርጎ ሠርቶታል፤ ይህን ሁላችሁም ስሙ።»

ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ራይንሆልድ ይህን ቃል ጠብቋል። እኔ አውቃለሁ፤ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ያዩታል። የሚዋሹ አይመስላቸውም ነበር። እንደ ስጦታ ነው የሰጡት፤ ከዚህ የበለጠ የሚሰጡት ነገር የላቸውም። ቄሱ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ወደ ራይንሆልድ ዞሩ።

«እውነት ነው? አንተ ነህ የሠራኸው?»

መናገር ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ እኔ በሱ ቦታ ብሆን እናገር ነበር። ሰው ሁሉ ያየዋል። አባቱ ያዩታል።

«አዎ፣ አባ» አለ። «የኔ ነው።»

አጨበጨቡለት። ተራ ይዘው እጁን ጨበጡት። ፈርድል ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ያሳዝናል፣ ልክ እጅህ ሲፈታ ማቆምህ ነው አለው። ማሳው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በኪራይ የፈርድል ነበር። ራይንሆልድ ልክ ነህ ብሎ አመሰገነው። ከዚያ አባቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ኢግናዝ ብርጭቆአቸውን ዘረጉለት፣ ሞላላቸው።